ቢፍቱ ስለ ዛፉ ያለችው

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሰናይት ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ ለእንግዳ የማነጥፈውን ነጭ አንሶላ እንዳውሳት ጠየቀችኝ። ምን ልታደርጊበት ብላት፣ ከጓደኛዋ ፕሮጀክተር የሚሉትን ተውሳለች፤ አንሶላውን ክፍል ውስጥ ሰቅላ ለተማሪዎቿ የአሥር ደቂቃ ፊልም ልታሳያቸው ነው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሙዚቃ ትከፍትላቸዋለች አሉ። ከዚያስ? ከዚያማ ትጠይቃቸዋለች። ምን ብላ? «ምን እንዳሰቡ ነዋ፣ እማዬ» አለችኝ እየሳቀች። «ጥያቄው መልስ የሌለው ሲሆን ነው የሚነቁት።»

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ ብናገር ይሻላል። ልጄ ስልኳን ሳታነሣ ስትቀር ነጠላዬን ደርቤ ደጅ የምቆም፣ የማላውቀው ሰው ስሟን ሲጠራ ምን ፈልጎ ነው ብዬ የምጠይቅ ሴት ነኝ። መምህርት ትሁንልኝ ብዬ የተሳልኩት እኔው፣ መምህርት ከሆነች ወዲህ እንቅልፍ ያጣሁትም እኔው። መጽሐፉ ላይ ያለውን አስተምራ ወደ ቤቷ ብትመጣ ምን ነበረበት? ልጅን ያሰብከውን ተናገር ያሉት እንደሆነ፣ ምን ይዞ እንደሚወጣ ማን ያውቃል? ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም። አንሶላውን ከሣጥን አውጥቼ ሳራግፈው፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ግድም እዚሁ ነቀምቴ ውስጥ የተሰቀለ አንድ አቡጀዲ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ፍራቻዬም፣ ትምህርቴም አራተኛ ክፍል ላይ መቅረቱ፣ ሁሉም ከዚያ አቡጀዲ ጋር የተያያዘ ነው። ለሰናይት ያን ቀን ነገርኳት። ለእናንተም እንደምንም እጽፈዋለሁ፤ እጄ ከብዕር ጋር ብዙም አይተዋወቅም፣ ታገሡኝ።

ያኔ ነቀምቴ እንዳሁኑ አልተዘረጋችም። ከገበያው እስከ መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ድረስ የማን በር የት እንደሆነ ዓይን ጨፍኖ መናገር ይቻል ነበር። ጥጉ ላይ የዓረቡ ሱቅ አለ፤ በር ላይ ጨው፣ ውስጥ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ኋላ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ረስቶት የተቀመጠ የማይታወቅ ዕቃ። ከሱቁ በረንዳ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ጃፖኒ የምንላትን እጅጌ የሌላት ቀሚስ ሰፍቶ በሚስማር ይሰቅላታል፣ እኛ ሴቶች ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቆመን እናያታለን። ሦስት ብር ከስሙኒ ነበረች። አንድም ቀን አልለበስኳትም፤ ግን የአንገቷን ቅድ ዛሬም ሣዪ ብትሉኝ እሥላለሁ። ዳቦ በአምስት ሳንቲም፣ ሻይ በአሥር። ሻይ ቤቱ ሬዲዮውን ወደ ውጭ አዙሮ ስለሚያስቀምጠው፣ ዘፈን ለመስማት የፈለገ ሰው የጫማው ማሠሪያ እንደተፈታ መስሎ እዚያ ጋ ጎንበስ ይላል። ጫማ የሌለውም ጎንበስ ይላል። በገበያ ቀን ደግሞ ቋንቋው ሁሉ ይቀላቀላል። በኦሮምኛ ሰላም ይባባላሉ፣ በአማርኛ ዋጋ ይጠራሉ፣ ሲናደዱ ወደየእናታቸው ቋንቋ ይሄዳሉ፣ ሲታረቁ ተመልሰው ይገናኛሉ። እኔ ኦሮምኛ ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም። ከጎረቤታችን ልጆች ጋር ስንቦርቅ አፌ ውስጥ ገብቶ ተገኘ።

አባቴ ከሸዋ የመጣ፣ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው። ክረምት ከበጋ የማይለወጥ አንድ ካኪ ኮት ነበረው፤ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክርቢቶ ይሰካል፣ አንዱ አይጽፍም። ቤት ውስጥ ቁጡ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ግን አለቃው ሳይመጣ ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነበር። አለቃው ሲስል እንኳ አባቴ ማታ መጥቶ ይነግረናል፤ ዛሬ ጤና አልነበራቸውም ይላል። ፍራቻ በዘር ይተላለፋል ወይ ብላ ሰናይት ጠይቃኝ ነበር። እኔ እንጃ። ግን አባቴ እጁን ሲያጣጥፍ የነበረበት አጣጣፍ ዛሬም እጄ ላይ አለ።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ አግዳሚዬን የምትጋራኝ ቢፍቱ የምትባል ልጅ ነበረች። ከከተማ ውጭ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሯ መጥታ ነው የምትማረው። ኮንጎ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትመጣና የግቢው በር ላይ ስትደርስ እግሯን በሣር ጠርጋ ታጠልቀዋለች። በቁመት ከኔ በጭንቅላት ትበልጣለች፣ በዕድሜም ሁለት ዓመት። በሒሳብ ክፍሉን ሁሉ ትበልጣለች፤ ሒሳቡ ግን በቃላት የተጻፈ እንደሆነ ትወድቃለች። ምክንያቱም ትምህርቱ በአማርኛ ነው፣ ክፍል ውስጥም ከአማርኛ ሌላ መናገር ያስቀጣል፣ ቢፍቱ ደግሞ ቤቷ አማርኛ የሚባል የለም። ሁለት ጊዜ አራተኛ ክፍልን ወድቃለች። ሦስተኛ የወደቀ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። አባቷም ቁርጡን ነግሯታል፤ የሲሬ ሰዎች ለልጃቸው ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከዋል፣ ካለፈች ይጠብቃሉ፣ ከወደቀች ከፋሲካ በኋላ ትሄዳለች። ይህን የነገረችኝ ጫማዋን እያጠለቀች ነበር፤ እንዳለቀሰች አላስታውስም። የሲሬው ልጅ ምን ይመስላል ብላት፣ «አላየሁትም። እሱም እኔን አላየኝም። ማን ለማን እንዳዘነ አላውቅም» አለችኝ በኦሮምኛ። እንዲህ ነበረች። የምታስበው ሁሉ ከሌላ በኩል ነው የሚመጣው።

በዚያ ዓመት መምህር ይልማ የሚባል ወጣት ከጎጃም ተመድቦ መጣ። ጠጉሩ አፍሮ፣ ሱሪው ከጉልበቱ በታች እንደ ደወል የሰፋ፤ ዲሬክተሩ ገና ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። መምህር ይልማ ሻንጣ የመሰለች የሸክላ ማጫወቻ ነበረችው። የምትሠራው በስድስት የባትሪ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ሲደክምበት መስኮቱ ላይ ደርድሮ ፀሐይ ያሞቀዋል፣ እኛም ዶሮ እንዳይደፋው እንጠብቃለን። ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ግብረ ገብ ነበር። ከሱ በፊት የነበረው አስተማሪ ታላቅህን አክብር፣ ጥፍርህን ቁረጥ እያለ ያስደግመን ነበር። መምህር ይልማ ግን በመጀመሪያው ዓርብ ዓይናችሁን ጨፍኑ አለንና ዘፈን የሌለበት የዋሽንት ሸክላ አሰማን። ሲያልቅ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። «ሐዘኑ ያለው የት ነው?»

እኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምተን አናውቅም። አንዱ ዋሽንቱ ውስጥ ነው አለ። ሌላው የለም፣ ነፊው ሰውዬ ሆድ ውስጥ ነው አለ። ሦስተኛው ተነሥቶ ማጫወቻዋን በቅርብ ካየ በኋላ እዚህ ቀዳዳ ውስጥ ነው ብሎ አሳቀን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የጴንጤ ልጅ ሁለት ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከቷል። ቤቱ ዘፈን መስማት ኃጢአት እንደሆነ ተነግሮታል። መምህር ይልማ አልተቆጣውም፤ አጠገቡ ሄዶ ይህ እኮ ቃል የለውም፣ ዜማ ብቻ ነው አለው። ልጁ አሰበና፣ «ቲቸር፣ ቃል ከሌለው ኃጢአቱ የት ይቀመጣል?» አለ። መምህሩ ይህን ጥያቄ እንዳለ ሰሌዳ ላይ ጻፈው። ልጁ የራሱ ቃል በጠመኔ ተጽፎ ሲያይ ጊዜ አንዱን ጣቱን አወጣ። ክርክሩን በአንድ ጆሮው ሲሰማ፣ ሌላውን ለእግዚአብሔር ዘግቶ ደወል እስኪደወል ቆየ።

በመሀል ቢፍቱ ጆሮዬ ላይ የሆነ ነገር ሹክ አለችኝ። መምህሩ አየና ምን አለች ብሎ ጠየቀ። እኔ በኦሮምኛ መናገሯ ሊያስቀጣት ነው ብዬ ዝም አልኩ። እሱ ግን በሩን ዘጋና፣ በቋንቋዋ ትናገር፣ አንቺ ወደ አማርኛ መልሺልኝ አለኝ። ቢፍቱ ቆመች። እጇን ከአግዳሚው ሳታነሣ ተናገረች፣ እኔም ቃል በቃል መለስኩት። እኔ ሐዘን አልሰማሁም፣ የሰማሁት ላሞች ማምሻውን ወደ ቤት ሲገቡ ነው፤ ሐዘኑ ዋሽንቱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እኔም እሰማው ነበር፣ እናንተ ከየት አምጥታችሁ እንደጨመራችሁት ራሳችሁን ጠይቁ ነበር ያለችው። መምህር ይልማ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። ሸክላውን ደግሞ ከፈተው። እመኑኝ፣ በዚህኛው እኔም ላሞቹን ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ በየዓርቡ ሥራዬ ይህ ሆነ። መምህሩ ከኦሮምኛ ሁለት ቃል ብቻ ተማረ፤ ቢፍቱ ተናግራ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «ማል ጄቴ?» ይላል፣ ምን አለች ማለቱ ነው። ሲጠራው አፉ ላይ ስለሚሰበር ሁላችንም እንስቃለን፣ እሱም አብሮ ይስቃል። እኔ ደግሞ በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ትምህርቱ ላይ መካከለኛ ነበርኩ። የራሴ ሐሳብ ብዙ አልነበረኝም። ግን የሌላ ሰው ሐሳብ በአፌ ሲያልፍ፣ ሙቅ ነገር እንደ መዋጥ ነው፤ የት ድረስ እንደደረሰ ይሰማችኋል። አንዳንዱን ቃል ሳጣለት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ስፈልገው እከርም ነበር። ዘፈን ስንሰማ የሚያስለቅሰን ነገር ለምን ደግመን መስማት እንፈልጋለን? ሁለት ሰው አንድ ዜማ ሲሰማ አንድ ነገር ነው ወይ የሰማው? እነዚህን ጥያቄዎች ውኃ ስቀዳ፣ ሽንኩርት ስከትፍ እያኘክኋቸው ነው የማድረው። እናቴ ይህች ልጅ ምን ነካት ትል ነበር።

አቡጀዲው የመጣው ከገና በኋላ ነው። የወባ መድኃኒት የሚረጩት ሰዎች ለየገጠሩ የሚያሳዩበት የሲኒማ መኪና ነበራቸው፤ መኪናውን የሚያሠራው ሰው ከመምህር ይልማ ጋር አንድ ቤት ተከራይቶ ስለነበር፣ ለምኖ አመጣው። ያየነው በቀን ብርሃን ነው። መስኮቶቹን ከቡና ነጋዴ በተለመነ ጆንያ ዘጋናቸው፣ ክፍሉ የጆንያና የአቧራ ሽታ ሸተተ፣ ሞተሩ ውጭ ይንደቀደቃል። ፊልሙ ድምፅ የለውም። አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ ከጫካ መንገድ ይመጣል፣ ረግረግ ዳር ያለ ትልቅ ዛፍ ይቆርጣል፣ ዛፉ ይወድቃል፣ ሰውየው ላቡን ጠርጎ ይስቃል። ይኸው ነው። ረግረጉን መንጥሩ፣ ወባ ይጠፋል ለማለት ነበር። ሲያልቅ ግን ያ ባለሙያ የማይነካውን ነክቶ ኖሮ፣ ፊልሙ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ላቡ ከመሐረቡ ወደ ግንባሩ ወጣ። የወደቀው ዛፍ ቅርንጫፉን ሰብስቦ ብድግ አለ። ፍልጡ ከየሣሩ እየዘለለ ቁስሉ ውስጥ ገባ። ሰውየው መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ በጀርባው ወደ ጫካው ሄደ። እኛ በሳቅ አግዳሚ ላይ ወደቅን። መምህር ይልማ ብቻ አልሳቀም። ደግመህ አድርገው አለው ባለሙያውን፣ ጆንያዎቹ ከተነሡ በኋላም ጥያቄውን ጻፈልን። የተደረገ ነገር ሊመለስ ይችላል ወይ? ዛፉ ተነሥቷል፤ ታዲያ ያልተቆረጠ ዛፍ ሆነ ወይ?

ያን ቀን ቢፍቱ ምንም አልተናገረችም። ለሁለት ሳምንት ስንሄድ ስንመጣ የመንገድ ዛፍ ቆማ ታያለች።

በመካከሉ መምህር ይልማ ዲሬክተሩ ዘንድ ገብቶ ስለ ቢፍቱ ተከራከረላት። ይህች ልጅ አማርኛ ነው እንጂ የቸገራት አእምሮዋ የተለየ ነው፣ በቃል ትፈተንና ትለፍ አለ። ዲሬክተሩ በበጎ አልሰማውም፤ የዓርቡን ሙዚቃና ፊልም ወሬ ሰምቷል። ግን መጥቼ አያታለሁ፣ እንደምትለው ከሆነች ትለፍ አለ። እንግዲህ የቢፍቱ ነገር በአንድ ዓርብ ላይ ወደቀ። በማግሥቱ ጫማዋን የምታጠልቅበት ቦታ ስደርስ ቀድማ ቆማ ትጠብቀኛለች። «አስበሽ መልሺልኝ፤ አንድም አትተዪ» አለችኝ። እንዴት እተዋለሁ ብዬ ማልኩላት።

ዓርብ ደረሰ። ዲሬክተሩ ብቻውን አልመጣም። ሲኒማ አለ ሲባል የሰማ አንድ እንግዳ አብሮት ገባ፤ እንግዳው የአባቴ አለቃ ነበር። ያ ሲስል የሚወራለት ሰው። ከወንዙ ማዶ ሰፊ መሬት ነበረው፣ የቢፍቱ አባትም የሚያርሰው ከሱ ላይ ነው። ወንበር ቀረበለት። ከኔ ሁለት ክንድ ያህል ነው የተቀመጠው፤ የኮቱ የናፍታሊን ሽታ ይሸተኛል። ፊልሙ ወደ ፊት ታየ፣ ወደ ኋላ ታየ። መምህር ይልማ ቢፍቱን አስነሣት።

ተናገረች። ረጅም ነው፣ ሳትቸኩል ነው፣ እኔም አንዲቱን ቃል አልሳትኩም። እንዲህ ነበር ያለችው። «ዛፉ ቢነሣም ያልተቆረጠ ዛፍ አልሆነም፤ ምክንያቱም ሲወድቅ እኛ አይተነዋል። ግን የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ፊልሙ ወደ ኋላ ከሄደ ለምን ጫካው ጋ ይቆማል? ወደ ኋላ ይሂድ። ሰውየው መጥረቢያውን ይዞ በጀርባው እየሄደ እየሄደ አንድ ሰው ደጅ ይደርሳል፤ ሂድና ቁረጥ ያለው ሰው ደጅ። የቆረጠውን አሳያችሁን፣ ቁረጥ ያለውን አላሳያችሁንም። እሱ ካልታየ የተደረገው ነገር ከየት እንደጀመረ አናውቅም። ከየት እንደጀመረ ካላወቅን፣ ተመለሰ አልተመለሰም ማለት አንችልም። እኔ እሱን ማየት እፈልጋለሁ።»

ቢፍቱ ስለ ፊልሙ ነበር የምታስበው። ይህን ያኔም አውቅ ነበር፣ ዛሬም አውቃለሁ። ግን ቁረጥ ያለውን ማየት እፈልጋለሁ ስትል ዓይኗ ወደ ወንበሮቹ በኩል ነበር፤ እዚያ ተቀምጦ ደግሞ በየዓመቱ ቁረጡ፣ እረሱ፣ ልቀቁ የሚል ሰው አለ። እኔ የታየኝ የአባቴ ኮት ነው። ማታ ቤት ሲገባ፣ ሁለቱ እስክርቢቶ ከኪሱ ወጥቶ፣ ከሥራ ተባርሮ። መምህር ይልማ ዞሮ «ማል ጄቴ?» አለኝ። እንደ ሁልጊዜው አፉ ላይ ተሰበረ፣ ግን ማንም አልሳቀም።

«ዛፉ ሲነሣ ደስ አለኝ ነው የምትለው» አልኩ።

እንግዳው ፈገግ አለ። ዲሬክተሩ ወደ መምህሩ ዞሮ፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጣ፣ ዛፉ ሲነሣ ደስ አለኝ?» አለው። መምህር ይልማ ግን እኔን ነበር የሚያየው። ያን ሁሉ ጊዜ ተናግራ መልሱ ይህች ብቻ ልትሆን እንደማትችል ገብቶታል። ይኸው ነው ወይ ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ቢፍቱ አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷን ለማየት አልደፈርኩም፣ አቡጀዲውን አየሁ፤ ባዶ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ቢፍቱ አልመጣችም። መምህር ይልማ አልሰደበኝም፣ አልቀጣኝም። ሸክላውን ማሰማቱንም አልተወም፤ ግን ወደ እኔ ዞሮ «ማል ጄቴ?» ያለበት ቀን ከዚያ ወዲህ የለም። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። እኔ አራተኛን አልፌ ሰርተፊኬቴን ይዤ ቤት ገባሁ፣ አምስተኛ ክፍል ሲከፈት ሆዴን አመመኝ አልኩ። በማግሥቱም አመመኝ። አባቴ ለሴት ልጅ ይህም አይከፋም አለ። እንዲያ ሆኖ ቀረ።

ይህን ሁሉ ለሰናይት ስነግራት፣ እንደ እናትነቴ አሳቤ እንድትፈራ ነበር። ልጆችሽ የሚናገሩትን ማን ቁጭ ብሎ እንደሚሰማ አታውቂም ለማለት ነው። እሷ ግን የጠየቀችኝ ሌላ ነው። ቢፍቱ የት ናት? ሲሬ ናት ይባላል አልኳት። ሲሬ እኮ አንድ ሰዓት ነው፣ እማዬ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሰዓት መንገድ አቃተሽ ወይ አለችኝ። እንደዚህ ያለ ጥያቄ የምትጠይቅ ልጅ መውለዴ ይገርመኛል። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ሲሬ ወርጄ አንዲት ሴት ብጠይቅ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ቢፍቱ ከመንገዱ ዳር ጨውና ጀሪካን የምትሸጥበት ሱቅ አላት። አክብረው አዴ ቢፍቱ ይሏታል፤ ወፍራለች፣ መነጽር አድርጋለች፣ ቁመቷ ግን ያው ነው። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ አልኳት። በመነጽሯ ላይ አየችኝና አስካለ ብላ በስሜ ጠራችኝ። ጀሪካን ገልብጣ አስቀመጠችኝ። ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ሞቱት ተጠያየቅን። ከዚያ እንደምንም ብዬ የመጣሁበትን ነገር ጀመርኩት፤ ያን ዓርብ አባቴ ታየኝና ያልሽውን አላደረስኩልሽም፣ ሌላ ነገር ነው የተናገርኩት ስላት፣ እጇን አነሣችና አስቆመችኝ።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ሦስት ዓመት አማርኛ ሲወራ ተቀምጬ እንዴት አልሰማም? መናገሩ ነው ያቃተኝ እንጂ እሰማ ነበር። ዛፉ ሲነሣ ደስ አለኝ ትላለች አልሽ።»

ወዲያው ጠየቅኋት። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? አይደለም ብትዪስ? አይደለም የምትለዋን ቃል ታውቃት እንደነበር ነገረችኝ። ምላሷ ላይ ነበረች። ግን ወደ እኔ ስታይ ጉልበቴ አግዳሚውን እየመታ ነበር አሉ። «ላንቺ አዝኜ ይሁን እኔም ፈርቼ ይሁን፣ ስጠይቀው ኖሬ አልለየልኝም» አለች። «አንዳንድ ቀን እንዲህ፣ አንዳንድ ቀን እንዲያ ይመስለኛል። አንቺ ምን ይመስልሻል?» የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ እሷ ሐሳቤን ትጠይቀኛለች። ሰው እየገባ ጨው ይገዛል፣ እኛ እንከራከራለን። አዝነሽ ነው አልኳት፣ የፈራ ሰው ሌላውን አያይም። የለም፣ የፈራ ሰው ነው ሌላውን የሚያየው አለችኝ፣ አንቺ ያን ቀን አባትሽን አላየሽም ወይ?

ቆይታ በአማርኛ በይው አለችኝ። ያኔ እንዳልኩት፣ አሁን፣ እሰማለሁ። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ከዛፉ ጀምሬ፣ ጫካውን አልፌ፣ በጀርባው የሚሄደውን ሰው እስከ ደጁ አድርሼ፣ እኔ እሱን ማየት እፈልጋለሁ እስከምትለው ድረስ አልኩት። ቢፍቱ መነጽሯን አውልቃ ነበር የምትሰማኝ።

«ልክ ነው» አለች ስጨርስ። «አንድም አልቀረም። አሁን ግን እንደዚያ አላስብም።»

ምን ታስቢያለሽ አልኳት።

«ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ወደ ኋላ ይሂድ፣ እስከ መጀመሪያው ይሂድ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን በራሴ ላይ ስንት ጊዜ አዞርኩት። ሱቁ ይፈርሳል፣ ይፍረስ። ጠጉሬ ይጠቁራል፣ ጥሩ ነው። ከዚያ የመጨረሻዋ ልጄ ታንሳለች፣ ትድሃለች፣ ወደ ሆዴ ትመለሳለች፣ የለችም። ከሷ ታላቅ ያለውም እንዲሁ። ስድስት ናቸው። የበኩር ልጄ ጋ ስደርስ አቁሙልኝ እላለሁ። ትምህርት ቤቱ ያለው ከሱ ወዲያ ነው፣ አስካለ። እሱን ሳላጠፋ አልደርስበትም።»

እናት ነኝና ይህ ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ። እንግዲያው ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ያ ሌላ ጥያቄ ነው» አለች።

በዚህ መሀል አንድ ጠጉሩ የሸበተ ጎልማሳ የጨው ከረጢት ተሸክሞ ገባ። የበኩር ልጇ ነው። ሸክሙን አራግፎ እጁን በሱሪው ጠረገና ጨበጠኝ፣ ማን እንደሆንኩ እናቱን ጠየቃት። ቢፍቱ መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ትምህርት ቤት አብራኝ የነበረች ናት» አለችው። «የማስበውን ለሰው የምታደርስልኝ እሷ ነበረች።» እንዴት አድርጋ እንዳለችው፣ ፌዝ ይሁን ሌላ፣ ኦሮምኛ እንደዚያ እየሰማሁ አልለየሁትም።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ቃሏን ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ አንዱ እንዳይወድቅብኝ እየደጋገምኩ መጣሁ። ሰናይት በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ልጆቹ አንድ በአንድ የጠፉበትን፣ ያልለየላትን፣ ያ ሌላ ጥያቄ ነው ያለችውንም። ዓርብ ለተማሪዎቼ ላንሣው ወይ አለችኝ። እኔ እሺም እንቢም ሳልል እጄን አጣጠፍኩ፤ ከመካከላቸው ማን ምን ብሎ ይነሣ ይሆን፣ ማንስ ይሰማው ይሆን የሚለው አሁንም ያስፈራኛል። እሷ ግን አነሣችው። ከዚያ ወዲህ ዓርብ በመጣ ቁጥር ከበር አልርቅም። ስትገባ ደህንነቷን ካየሁ በኋላ መጀመሪያ የምጠይቃት ግን ልጆቹ ምን አሉ ብዬ ነው።